ባለ ብዙ ቁልፍ የጌም ማውስ ለመምረጥ፦ ከአውራ ጣታችሁ ጀምሩ

የጌም ማውስ ሳጥን ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎላ ብለው ይታያሉ፤ ዲፒአይ (ማውሱ እንቅስቃሴን የሚቆጥርበት መጠን) እና የቁልፍ ብዛት። ሻጩም መጀመሪያ የሚነግራችሁ እነሱን ነው። የመጀመሪያውን ለጊዜው እርሱት። ሁለተኛው ግን ያታልላል። ባለ 20 ቁልፍ ማውስ ገዝቶ አራቱን ብቻ የሚጠቀም ሰው ሞልቷል። አውራ ጣት ሳያይ ለይቶ የማያገኘው ቁልፍ እንደሌለ ይቆጠራላ።

ስለዚህ ከሱቅ አንጀምርም። መጀመሪያ የምትጫወቱትን ጌም እናያለን፣ ቀጥሎ እጃችሁን፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን፣ ሱቁ መጨረሻ ይመጣል። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉና ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉም አብራችሁ አንብቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ከእነዚህ ማውሶች የበለጠ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 1፦ የምትቸገሩባቸውን ቁልፎች ጻፉ

አንድ ማታ ስትጫወቱ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ አድርጉ። የግራ እጃችሁ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ላይ ሆኖ ለመድረስ የሚንጠራራበትን ቁልፍ ሁሉ ጻፉ። 7፣ 8፣ 9፣ ከኮንትሮል ጋር የሚጫኑ ነገሮች፣ ዓይናችሁን ከስክሪን አንስታችሁ የምትፈልጓቸው። በቀላሉ የምትደርሱባቸውን አትጻፉ። እነሱ ኪቦርዱ ላይ ቢቀሩ ይሻላል።

ዝርዝሩ እንደ ጌሙ ይለያያል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ወይም ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚጫወት ሰው ሃያና ከዚያ በላይ ችሎታዎችን እያፈራረቀ ይጫናል። ባለ 12 የጎን ቁልፍ ማውስ የተፈጠረውም ለእነዚህ ጌሞች ነው። ሬዘር የተባለው ኩባንያ ናጋ የሚባለውን ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው እነሱን አስቦ ነበር። ዶታ 2 ወይም ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ከሆነ ዋናዎቹ ችሎታዎች ለግራ እጅ ቅርብ ናቸው። የሚያስቸግሩት የዕቃ ቁልፎች ናቸው፤ ለእነሱ ስድስት የጎን ቁልፍ ከበቂ በላይ ነው።

እንደ ካውንተር ስትራይክ ያለ የተኩስ ጌም ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ተኳሾች የማውሱን ፍጥነት ዝቅ አድርገው ስለሚጫወቱ ማውሱን ደጋግመው ከጠረጴዛው ያነሳሉ። ማውስ የሚነሳው በአውራ ጣትና በቀለበት ጣት ተቆንጥጦ ነው። አውራ ጣት የሚቆነጥጠው ቦታ ላይ 12 ቁልፍ ካለ በየማንሳቱ አንዱ ሳትፈልጉ ይጫናል። ቦምብ ልትወረውሩ ያላሰባችሁት ጊዜ ቦምብ ይወረወራል። ለእንደዚህ ያለ ጌም ከሁለት እስከ አምስት የጎን ቁልፍ ያለው ቀላል ማውስ ፈልጉ፣ ቀሪውን መመሪያም በፍጥነት እለፉት።

ኤዲተሮች ደግሞ በፕሮግራማችሁ የምትደጋግሟቸውን ትእዛዞች ጻፉ። ፕሪሚየር የሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኮንትሮልና ኬ ክሊፑን ይቆርጣል፣ ኪው እና ደብልዩ ደግሞ ከጠቋሚው በፊት ወይም በኋላ ያለውን ቆርጠው ክፍተቱን ይዘጋሉ፣ ሺፍትና ዲሊት የተመረጠውን ያጠፋና የቀረውን ያስጠጋል። እነዚህን አራቱን አውራ ጣት ላይ ስታስቀምጡ ግራ እጃችሁ ለሻይ ነጻ ይሆናል።

አሁን ቁጠሩ። እስከ አራት ከሆነ ባለ ሁለት የጎን ቁልፍ ማውስ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ ጎን የሚገፋ ስክሮል፣ ካለ ይበቃችኋል። ከአምስት እስከ አስር ከሆነ ስድስት አካባቢ የጎን ቁልፍ ያላቸውን እዩ። ከአስር ካለፈ ብቻ ወደ ባለ 12ቱ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ማውሱ ለኮምፒውተሩ ምን እንደሚል እወቁ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። በኋላ ላይ ለሚመጣው ጣጣ ሁሉ ግን ሥሩ እዚህ ነው።

ዊንዶውስ ማውስን የሚያውቀው በአምስት ቁልፍ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ የስክሮሉ ክሊክ፣ ወደ ኋላ እና ወደ ፊት። ስድስተኛ የሚባል የማውስ ቁልፍ አያውቅም። ታዲያ ባለ 18 ቁልፍ ማውስ እንዴት ይሠራል? ቀሪዎቹ ቁልፎች ኪቦርድ መስለው ይቀርባሉ። ማውሱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ማውስና ኪቦርድ አንድ ላይ የተሰኩ ይመስለዋል። የጎኑን 3 ስትጫኑ እውነተኛ ኪቦርድ ላይ 3 እንደተጫነ ያህል ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ጌሙ ቁልፉ ከማውስ ይምጣ ከኪቦርድ አይለይም። የጎኑን 1 ለአንድ ነገር፣ የኪቦርዱን 1 ለሌላ ልታደርጉ አትችሉም። ሁለቱን መለየት ከፈለጋችሁ ለማውሱ ኪቦርዳችሁ ላይ የሌለ ቁልፍ መስጠት አለባችሁ። ደግነቱ እንዲህ ያለ ቁልፍ አለ። ኪቦርዳችሁ በኤፍ12 ያበቃል፤ ዊንዶውስ ግን እስከ ኤፍ24 ድረስ ያውቃል። ከኤፍ13 እስከ ኤፍ24 ብትቆጥሩ ልክ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ከማንም ጋር የማይጋጩ ቁልፎች ናቸው። ሁሉም ጌም ባይቀበላቸውም የሚቀበል ሲገኝ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም።

ሁለተኛ፣ ለማውሱ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ያሉትን የቁጥር ሰሌዳ ቁልፎች ከመረጣችሁ ሺፍት ያታልላችኋል። ነምሎክ በርቶ ሳለ ሺፍት ይዛችሁ የቁጥር ሰሌዳውን 1 ብትጫኑ ዊንዶውስ እንደ ኤንድ ቁልፍ ይወስደዋል፣ ሺፍቱንም እንደተለቀቀ ይቆጥረዋል። ጌም ውስጥ ሺፍትና 1 ብላችሁ ያሰራችሁት ነገር ዝም ይላል። መፍትሔው በሺፍት ፋንታ ኮንትሮልን ወይም አልትን መጠቀም ነው።

ሦስተኛውን የሌላ አገር መመሪያ አይነግራችሁም። ኪቦርዳችሁን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ከረሳችሁት ማውሱም አማርኛ ይጽፋል። የጎን ቁልፉ የሚልከው ለምሳሌ ሲ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ የሚደርሰው እንደ አማርኛ መጻፊያው የተተረጎመ ፊደል ነው፣ ትእዛዙም አይሠራም። በአማርኛ ሰብታይትል እየጻፋችሁ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ለማውሱ ፊደል አትስጡት። የኤፍ ቁልፎችን ስጡት። እነሱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው።

ደረጃ 3፦ የጎኑን አቀማመጥ ምረጡ

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። ገበያው ላይ አራት ዓይነት አቀማመጥ አለ።

የመጀመሪያው የ12 ቁልፍ ፍርግርግ ነው። ናጋ፣ የኮርሴር ሲሚታር፣ የሎጊቴክ ጂ600፣ የስቲልሲሪስ ኤሮክስ 9 እና ዋጋው ቀለል የሚለው የሬድራገን ኤም908 እዚህ ይገባሉ። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ለጣት አንድ አይደሉም። ሲሚታር ላይ የ12ቱ ቁልፍ ሰሌዳ እስከ 8 ሚሊሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አጭር አውራ ጣት ያለው ሰው ሰሌዳውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ረጅም ጣት ያለው ይገፋዋል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም እኔ ለባለ 12ቱ ከማያቸው ነገሮች አንደኛው ነው። ጂ600 ደግሞ 12ቱን በስድስት ስድስት ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣል፤ በመሐላቸው ያለው ድንበር ጣታችሁ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ፍርግርጉ ሙሉ በሙሉ ልሙጥና እኩል የሆነ ማውስ ካያችሁ ተጠንቀቁ። 5 እና 8ን በጭፍን መለየት ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው የሚቀያየር ጎን ነው። ናጋ ትሪኒቲ ባለ 2፣ ባለ 7 እና ባለ 12 የጎን ሰሌዳዎች ይዞ ይመጣል። ናጋ ቪ2 ፕሮ ደግሞ ባለ 2፣ ባለ 6 እና ባለ 12። ሰሌዳው በማግኔት ይያያዛል፣ ነቅሎ መቀየር ነው። ተኩስም ሌላም ለሚጫወት፣ ወይም ቀን ኤዲት ማታ ጌም ለሚል ሰው ጥሩ ነው። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ ቪ2 ፕሮ 134 ግራም ይመዝናል።

ሦስተኛው የተበታተነ አቀማመጥ ነው። የሎጊቴክ ጂ502 ዋና ምሳሌው ነው። በጠቅላላው 11 ቁልፍ አለው፤ ጥቂቱ በጎን፣ ጥቂቱ ከግራ ክሊክ ጠርዝ፣ ስክሮሉም ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። ሁሉንም በአንድ አውራ ጣት ላይ አይጭንም። ከዚህ በፊት ባለ ብዙ ቁልፍ ማውስ ይዘው ለማያውቁ ሰዎች መጀመሪያ የምመክረው ይህን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ቅርጽና ቦታ ስላለው በቶሎ ይለመዳል።

አራተኛው ሁለተኛ ድርብ ያለው ነው። አንድ ቁልፍ ስትይዙ የሌሎቹ ሁሉ ሥራ ይቀየራል። ጂ600 ለዚህ በቀለበት ጣት የሚጫን ሦስተኛ ትልቅ ቁልፍ አለው፤ እሱን ይዛችሁ 12ቱ 24 ይሆናሉ። ሬዘር ሃይፐርሺፍት ይለዋል። ስድስት ቁልፍ ያለው ማውስ ድርብ ካለው 12 ነገር ይሠራል ማለት ነው። ከ12 ቁልፍ ይልቅ ስድስት ከነድርቡ ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ጣት የሚያስታውሰው ስድስት ቦታ ብቻ ነዋ።

ግራኞች ምርጫችሁ ጠባብ ነው። ሬዘር በ2020 የናጋን የግራ እጅ እትም አውጥቷል። ከዚያ ውጭ ያሉት ባለ ብዙ ቁልፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ ግራና ቀኝ እኩል የሚመስል ማውስ ብታገኙም የጎን ቁልፎቹ በየትኛው በኩል እንዳሉ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ደረጃ 4፦ እጃችሁን ለኩ

ሦስት ዓይነት አያያዝ አለ። መዳፋችሁ ሙሉ በሙሉ ማውሱ ላይ ይተኛል፣ ወይም መዳፋችሁ ከኋላ ተደግፎ ጣቶቻችሁ ይታጠፋሉ፣ ወይም ማውሱን የሚነካው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። ባለ 12 ቁልፍ ማውሶች ወፍራምና ሰፊ ስለሆኑ የተሠሩት ለመጀመሪያው ነው። በጣት ጫፍ የምትይዙ ከሆነ አውራ ጣታችሁ የፍርግርጉን የኋላ ረድፍ አያገኘውም፤ ከ12ቱ ዘጠኙን ብቻ ገዛችሁ ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ማውሱን እንደተለመደው ያዙና አውራ ጣታችሁን ሳትዘረጉ የት እንደሚያርፍ እዩ። መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ወደ ፊት አንድ ረድፍ፣ ወደ ኋላ አንድ ረድፍ መዳፋችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከደረሳችሁ ማውሱ የእናንተ ነው። ቁልፎቹን ስትጫኑ ማውሱ ወደ ቀኝ የሚንሸራተት ከሆነ የቁልፉ ጥንካሬ በዝቷል። ዒላማ እያደረጋችሁ ስትጫኑ ዒላማው ይስታል።

ክብደት የልማድ ጉዳይ ነው። ጂ502 ሂሮ 121 ግራም ሲሆን እያንዳንዳቸው 3.6 ግራም የሆኑ አምስት ትናንሽ ክብደቶች አሉት፤ ካሻችሁ ትጨምራላችሁ። እኔ ጨምሮ የተጠቀመ ሰው እምብዛም አላየሁም። ኤሮክስ 9 ደግሞ አካሉ የተበሳሳ ስለሆነ ባለ 12 የጎን ቁልፍ ሆኖ 89 ግራም ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቅንብሩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ

ከሁሉ በላይ የምታስቡበት ይህ ይሁን። ቁልፎቹን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቅንብሩ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሶፍትዌር ነው ወይስ ማውሱ ውስጥ?

ማውሱ ውስጥ ሚሞሪ ካለ አንዴ አስተካክላችሁ ወደ ጓደኛ ቤት፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ጌም ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ እዚያም ይሠራል። ምንም መጫን አያስፈልግም። ሚሞሪ ከሌለ ግን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩ መጫን አለበት። የሎጊቴክ ጂ ሃብ፣ የሬዘር ሲናፕስና የኮርሴር አይኪው ከባባድ ፕሮግራሞች ናቸው። በዳታ ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ማሻሻያውም በየጊዜው ይመጣል። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፕሮግራም ለመጫን ላይፈቀድላችሁ ይችላል።

ስለዚህ ስትገዙ ስንት ፕሮፋይል (ራሱን የቻለ የቁልፍ ቅንብር) ማውሱ ውስጥ እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ጂ600 ሦስት ይይዛል፣ ጂ502 ሂሮ አምስት። አንድ ለጌም፣ አንድ ለኤዲቲንግ፣ አንድ ለተራ ሥራ ማለት ነው። ሚሞሪው ሁሉን እንደማይይዝም እወቁ። ተራ የቁልፍ ምደባና ዲፒአይ ይቀመጣሉ። ረጅም ማክሮ (በአንድ ንክኪ የሚፈጸም ተከታታይ ትእዛዝ) እና ፕሮግራም በከፈታችሁ ቁጥር ፕሮፋይሉን በራሱ የሚቀይረው አገልግሎት ግን ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ እንዲበራ ይፈልጋሉ።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ካላችሁ የኩባንያዎቹ ሶፍትዌሮች አይሠሩላችሁም። ፓይፐር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ጂ502ንና ጂ600ን ያስተካክላል።

ደረጃ 6፦ ሴንሰር፣ ኬብልና ባትሪ

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ዲፒአይ ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር የሚናገር ቁጥር ነው። አብዛኛው ተጫዋች ከ400 እስከ 1,600 ባለው ይጠቀማል፤ 25,600 ላይ አድርጎ የሚጫወት ሰው የለም። ማውሱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቦታውን የሚያሳውቅ ከሆነ፣ ማለትም 1,000 ኸርትዝ ከሆነ፣ መዘግየቱ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ይበቃል።

ዋየርለስ ከመረጣችሁ በዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያ) የሚሠራውን ለጌም፣ ብሉቱዙን ለሥራ አድርጉት። ብዙ ቁልፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ባለ ገመዱ በዋጋም በክብደትም ያዋጣል ባይ ነኝ።

ደረጃ 7፦ የጌሙን ሕግ አንብቡ

አንድ ቁልፍ ሌላ አንድ ቁልፍን ቢተካ ማንም አይከለክላችሁም። ችግሩ ማክሮ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ተከታታይ ነገሮች በራሳቸው ሲፈጸሙ። የጌሙ ሠሪ ቫልቭ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ በአንድ ንክኪ ብዙ የተጫዋች ድርጊት የሚፈጽሙ ቅንብሮችን ከልክሏል፤ በኦፊሴላዊ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ሰው ከጨዋታው ይባረራል። ሌሎች ጌሞችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። አካውንታችሁን ከወደዳችሁት አንድ ንክኪ አንድ ድርጊት ይሁን። ፕሪሚየር ላይ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ማክሮ ሥሩ፣ የሚቀጣችሁ የለም።

ደረጃ 8፦ ስትገዙ ፈትሹ

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ኖትፓድ ክፈቱና የጎን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ቁጥር ወይም ፊደል የሚጽፉ ከሆነ ያለ ሶፍትዌርም ይሠራሉ ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ሶፍትዌር ይፈልግ ይሆናል፣ ወይም ቀድሞ የያዘው ሰው ቁልፉን ለሌላ ነገር መድቦት ይሆናል። ሻጩን ጠይቁ።

ያገለገለ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ዴስክቶፑ ላይ የግራ ክሊኩን ይዛችሁ ሳትለቁ ሰፊ ሳጥን እየሳባችሁ ቆዩ። ሳጥኑ በመሐል በራሱ ከተቋረጠ የክሊኩ ማብሪያ አርጅቷል። ይህ ማውስ አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ መጫን ይጀምራል። ኦፕቲካል ማብሪያ ያላቸው ማውሶች በብርሃን ስለሚሠሩ ይህ ችግር የለባቸውም።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ የምታዙ ከሆነ ሙሉ የሞዴል ስሙን ላኩለት። ናጋ ብቻ ካላችሁት የትኛው ናጋ እንደሚመጣ አታውቁም። ዶንግሉ ከሳጥኑ ጋር መኖሩንም እንዲያይ አስታውሱት። ያለ ዶንግል የመጣ ማውስ ብሉቱዝ ከሌለው ጌጥ ነው፣ ምትኩን ማግኘትም ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሁሉንም ቁልፍ በአንድ ቀን አትመድቡ። ከወረቀታችሁ ላይ በብዛት የምትጫኑትን ሦስት ምረጡና አውራ ጣት ለሚያርፍበት ረድፍ ስጡ። እሱ ሲለመድ፣ ማለትም ሳታስቡ መጫን ስትጀምሩ፣ ቀጣዩን ረድፍ ጨምሩ። መሐል ላይ ላለው ቁልፍ ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠብታ ወይም ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉበት። ጣት ከዚያ ተነስቶ ሌሎቹን ይቆጥራል።

ተመሳሳይ ነገር በሁሉም ጌም ተመሳሳይ ቦታ ይሁን። ፈውስ ሁሌ 5 ላይ፣ መሸሻ ሁሌ 4 ላይ። ጌም በቀየራችሁ ቁጥር ጣታችሁ እንደ አዲስ አይማርም። የኋላው ረድፍ ላይ እምብዛም የማትጠቀሙትን አስቀምጡ፦ ካርታ፣ ማይክ መዝጊያ፣ ስክሪንሾት። አውራ ጣታችሁ ሥር ሕመም ከተሰማችሁ ግን ረድፉን ተዉትና ሥራውን ወደ ድርብ ቁልፉ ወይም ወደ ኪቦርዱ መልሱት።